ቁልፍ ያለ ሕግ፣ ሕግ ያለ ቁልፍ

በእኛ ሰፈር፣ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አንዲት ከዓይን የማትጠፋ ማስታወቂያ ነበረች። «ፕሌይስቴሽን ቺፕ እናደርጋለን» ትላለች። አንዳንዱ «ቺፕስ እናደርጋለን» ብሎ ይለጥፍና ድንች ጠባሽ ይመስላል። በሬዲዮ ጠጋኙ፣ በሞባይል ሠሪው፣ በፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ ታገኟታላችሁ። እኔ ደግሞ ለተማሪ ግጥምና ልቦለድ ሳስተነትን ዕድሜዬን የገፋሁ ሰው ነኝና ጽሑፍ አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። «ቴሌቪዥን እንጠግናለን» ሲባል የተበላሸ ቴሌቪዥን አለ ማለት ነው። «ሶፋ እናድሳለን» ሲባል ያረጀ ሶፋ አለ። ቺፕ የሚደረግለት ማሽን ግን ምንም አልሆነም። ከካርቶኑ የወጣው ትናንት ሊሆን ይችላል፤ ላስቲኩ እንኳ አልተላጠለትም። ታዲያ ምኑ ነው የሚጠገነው?

እምቢታው ነው። ማሽኑ አንዳንድ ዲስኮችን እምቢ እንዲል ተደርጎ ተሠርቷል፤ ልጆቹ ገንዘብ የሚቀበሉት ያንን እምቢታ ለመስበር ነው። ስለዚህ እምቢታ ትንሽ ልዘርዝር። በሰፈርም በጋዜጣም የምሰማው ወሬ ሁሉ «ሌብነት ነው» እና «ድህነት ነው» በሚሉ ሁለት ቃላት መካከል ሲላጋ ኖረ እንጂ ዕቃው ራሱ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን እ.ኤ.አ. በ1994 ማብቂያ ገበያ ላይ ሲያወጣ ጨዋታዎቹን በሲዲ ነበር የሚያሳትመው። ከዚያ ቀደም የነበሩት አብዛኞቹ ማሽኖች በካርትሪጅ ይሠሩ ነበር። ኔንቲዶ፣ ለምሳሌ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ባስገባው ማሽን ውስጥ አንድ ቺፕ፣ በእያንዳንዱ ካርትሪጅ ውስጥ ደግሞ የዚያን መንታ አስቀመጠ። ሁለቱ መንትዮች ተነጋግረው ካልተግባቡ ጨዋታ የለም። ሲዲ ግን ቀጭን ፕላስቲክ ነው፤ ቺፕ አይሸከምም። ቁልፉን የት ያድርጉት?

ያደረጉበት ቦታ ያስገርማል። በሲዲ ላይ መረጃው የሚጻፈው ከመሐል ተነስቶ ወደ ውጭ እየተጠመዘዘ በሚሄድ ቀጭን ዱካ ላይ ነው። ሶኒ ዲስኩን በፋብሪካ ሲያትም፣ መሐል አካባቢ ያለውን ዱካ በጥቂቱ እያወላገደ ያትመዋል። መወላገዱ ራሱ ፊደል ነው፤ ሲነበብ አራት የላቲን ሆሄያት ይሰጣል። ለጃፓን ኤስ፣ ሲ፣ ኢ፣ አይ። ለአሜሪካ መጨረሻው ኤ ይሆናል፤ ለአውሮፓ ኢ። ተራ የሲዲ ማቃጠያ ይህን ማድረግ አይችልም። ባዶው ዲስክ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ዱካው ተሰምሮለታል፤ ማቃጠያው በተሰመረለት ላይ ይሄዳል እንጂ በገዛ እጁ አያወላግድም። ስለዚህ ዲስኩን ስትገለብጡት ጨዋታው፣ ሙዚቃው፣ ሥዕሉ አንድም ሳይቀር ይገለበጣል፤ የሚቀረው መወላገዱ ብቻ ነው።

ሰምና ወርቅን ቅኔ ቤት ላልረገጠ ተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ገልባጩ ሰሙን ይዞ ይሄዳል፤ ወርቁ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፤ የቅኔው ወርቅ ሲፈታ ቁም ነገር ይወጣዋል። የሶኒው ወርቅ ሲፈታ የሚናገረው «የሶኒ ነኝ» ብቻ ነው። ጨዋታው ያለው ሰሙ ውስጥ ነው።

እና የሰፈራችን ልጅ የሚበይዳት ቺፕ ሥራዋ ምንድን ነው? ለመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን የምትሆነው ስምንት እግር ያላት፣ ከባቄላ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ነገር ናት። ማሽኑ ዲስኩን «ማን ነህ?» ብሎ ሲጠይቅና ዲስኩ መልስ ሲያጣ፣ እሷ ከጎን ሆና አራቱን ፊደላት ታንሾካሹካለች። ፈተና ላይ ለጓደኛው መልስ እንደሚሾክክ ተማሪ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የመጣው ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን ጥበቃውን አወሳሰበው፤ ሃያ ያህል ሽቦ መበየድ የሚጠይቅ ሆነ። ነገሩ ግን ያው ሹክሹክታ ነው።

አሁን ያቺን አራተኛዋን ፊደል ልብ በሉልኝ። የአገር ምልክት ናት ብያለሁ። ጃፓን የራሷ አላት፣ አሜሪካ የራሷ አላት፣ አውሮፓም እንዲሁ። እኛ ቢበዛ በአውሮፓው ጥላ ሥር የምንታሰብ ነን፤ እሱም ካሰበን ነው። አዲስ አበባ የገባው ማሽን ደግሞ በአንድ በር አልገባም። አንዱን ነጋዴ ከዱባይ ያመጣዋል፤ ሌላው ከዋሽንግተን በዘመድ ሻንጣ ይመጣል፤ ሦስተኛውን ከጣሊያን ወይም ከስዊድን ለክረምት የመጣ አጎት ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ የአሜሪካ ማሽን ያለው ልጅ ከዱባይ የመጣ፣ ሙሉ ዋጋ የተከፈለበት እውነተኛ ዲስክ ቢያስገባ ማሽኑ አይቀበለውም።

አንዲት ጎረቤቴ ታላቁ ልጃቸው ከአሜሪካ ለታናሹ የላከለትን ማሽን አስታውሳለሁ። መጀመሪያ ከአሜሪካው መብራት ጋር ተጣላን፤ የእነሱ 120 ቮልት ነው የእኛ 220። ትራንስፎርመር ተገዛ። ቀጥሎ አንድ ዘመድ ከዱባይ የእግር ኳስ ጨዋታ አመጣላቸው፣ እንደታሸገ። ማሽኑ ዞር ብሎም አላየው።

«ጋሼ፣ ኦርጅናል እኮ ነው!» ይለኛል ልጁ፤ ሣጥኑንና ማኅተሙን እያሳየኝ፣ እኔ ዳኛ የሆንኩ ይመስል። በሳምንቱ ከሾላ ገበያ አካባቢ የተገዛ፣ ስሙ በእስክሪብቶ የተሞነጫጨረበት ቅጂ፣ ቺፕ በተደረገለት በዚያው ማሽን ላይ አለምንም ማንገራገር ተጫወተ። ደግሞ የሚገርመው ቺፕ ከተደረገለት በኋላ የዱባዩንም ዲስክ ተቀበለው። ባለ ማኅተሙን ዲስክ ለገዢው ያስረከበው፣ እንግዲህ፣ ሕገወጥ የሚባለው በያጅ ነው። ልጁ ግን ከዚያ ወዲያ «ኦርጅናል» የሚለውን ቃል የሚጠቀምበት «የማይሠራው» ለማለት ነበር።

ስለ ጨዋታ ቤቱስ? ያላያችሁት ካላችሁ፦ የቆርቆሮ ክፍል፣ ሦስት ወይም አራት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ፣ ግድግዳው ላይ የአርሴናልና የማንቼስተር ፖስተር። ሕጉ «ተሸናፊ ይከፍላል» ነው። አንድ ጨዋታ ከአንድ እስከ ሁለት ብር። በዚህ ሕግ ሳንቲም የሌለው ልጅ ምርጫው አንድ ብቻ ነው፤ አለመሸነፍ። ከዊኒንግ ኢለቨን የጃፓንኛውን ሜኑ ሳይቀር በቃላቸው ሸምድደው የሚጫወቱ፣ ጃፓንኛ ቀርቶ እንግሊዝኛውን የማያነቡ ልጆች አይቻለሁ። ቀበሌው ቤቶቹን ከቪዲዮ ቤትና ከጫት ቤት ጋር አንድ ላይ ቆጥሮ አንዴ ያሽጋቸዋል፤ አንዴ ይከፍታቸዋል። ወላጅ ይራገማል። ባለቤቱ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚጨነቀው ለሌንሱ ነው። የተቃጠለ ዲስክ ሌንስ ያደክማል እያለ በየሳምንቱ ማሽኑን ፈትቶ ብሎን ሲያጠብቅና ሲያላላ ታገኙታላችሁ።

አንድ አዲስ ጨዋታ በጊዜው አሜሪካ ውስጥ 50 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ዶላር በ8 ብር ከ60 ሳንቲም አካባቢ በነበረበት ወቅት ከ430 ብር አያንስም። እሱም ዶላሩ ከተገኘ፣ የሚሸጥ ሱቅ ካለ። ሱቁ ደግሞ የለም። ሻጭ በሌለበት ገበያ «ገዝተህ ተጫወት» ብሎ መስበክ ምን የሚሉት ስብከት ነው? ይህን ስል ግን መገልበጡን እያመሰገንኩ አይደለም፤ ጣጣውን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

በመጀመሪያ ሕጉ። የሕግ ሰው አይደለሁም፤ አዋጅ ግን እንደ ማንኛውም ድርሰት ይነበባል። በአገራችን የደራሲ መብት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ ሰፍሮ ይገኝ ነበር። ድምፃውያኑና ደራስያኑ ለዓመታት ከጮኹ በኋላ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 410፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ወጣ። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ከመጽሐፍና ከጋዜጣ ጽሑፍ ጎን ተቆጥሮ «ሥራ» ተባለ። መልካም። አሁን አንቀጽ ሦስትን አንብቡ። ጥበቃው ለማን ነው? ለኢትዮጵያውያንና መደበኛ መኖሪያቸው ኢትዮጵያ ለሆነ ሰዎች ሥራ፤ መጀመሪያ እዚህ ለታተመ ሥራ፤ ከዚያም ኢትዮጵያ በገባችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ለሚጠበቅ ሥራ። አገሮች አንዱ የሌላውን ደራሲ የሚጠብቁበት ዋነኛው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1886 በርን ላይ የተፈረመው ነው። ኢትዮጵያ በዚያ ዘመን አባሉ አልነበረችም።

እንግዲህ ቶኪዮ የተሠራ ጨዋታ ሾላ ላይ ሲገለበጥ አዋጃችን ብዙም የሚለው አልነበረውም። የባዕዱ ሥራ እዚህ ሲደርስ ሕግ የለውም፤ ያለው ቁልፍ ብቻ ነው። ቁልፉ የሚወላገደው ዱካ ነው፤ ዳኛውም ፖሊሱም እሱ ነው። የእኛው ሰው ሥራስ? የድምፃዊው ካሴት፣ የደራሲው መጽሐፍ፣ የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም? እሱ ሕግ አለው፤ አዋጅ አለው፤ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 320 የተቋቋመ የአእምሯዊ ንብረት ተቋምም አለው። ቁልፍ ግን የለውም። አንድ ካሴት ለመገልበጥ ሁለት ቀዳዳ ያለው ቴፕ ይበቃል።

በዚህ ምክንያት የአገሬ ገልባጭ ከሁለቱ የቱን ይፈራል ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ግልጽ ነው፤ ቁልፉን። ለሶኒ ዲስክ በያጅ መፈለግ፣ ቺፕ ማስመጣት፣ ሃያ ሽቦ ማገናኘት አለበት። ለእኛው ዘፋኝ ምንም አያስፈልገውም። ሕጉን የሚያስታውሰው ደግሞ የለም።

ለምን አያስታውሰውም የሚለውን ሳስብ ዓይኔ ወደ ላይ ወደ ተራራው ይሄዳል። ከየካ ቀና ብሎ ለሚያይ የእንጦጦ ሰንሰለት ነው ከፊቱ የሚቆመው፤ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉባት እንጦጦ ማርያም በአንድ በኩል፣ ወደ እኛ በኩል ደግሞ የካ ሚካኤልና ከአለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል። በእንዲህ ያሉ አድባራት የብራና መጽሐፍ ገልጦ ያየ ሰው፣ መጨረሻው ወይም መጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ግዝት ያነባል። ይህን መጽሐፍ የሰረቀ፣ የሸጠ፣ የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ነው። የእኛ የጥንቱ ቁልፍ ይህ ነው። ሽቦ የለው፣ ቺፕ የለው፤ የሚሠራው በሰው ልብ ውስጥ ነው።

ተማሪዎቼን ደጋግሜ የምጠይቃቸው ጥያቄ ነበር፤ ግዝቱ ውስጥ ምን የለም? «የገለበጠ» የለም። ኧረ እንዲያውም ገልባጩ ይመረቃል! የጻፈውን፣ ያጻፈውን፣ ያነበበውን፣ የሰማውን ሁሉ ይማር ይላል። መጽሐፍ መቅዳት ጽድቅ ነው፤ ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ወራት አጎንብሶ የሚሠራ ጽድቅ። ኃጢአቱ ዕቃውን ከቦታው ማጉደል ነው። የግዝቱን አቅም ደግሞ በ1860 ዓ.ም. አይተነዋል። የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ከወሰዳቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ ዛሬም ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ናቸው፤ ግዝታቸውን እንደያዙ። ብዙዎቹን ፎቶ አንስተው በኢንተርኔት ለቀውልናል፤ ቅጂው ለእኛ፣ ዋናው ለእነሱ። ኤምባሲያቸው እዚሁ የካ ውስጥ ሰፊ ጫካ ይዞ ተቀምጧል፤ ወደ ጨዋታ ቤቱ ስሄድ አጥሩን ታክኬ ነው የማልፈው። ገልባጭነታችንን ሲወቅሱን ይህን አጥር ማስታወስ አይከፋም።

የምለው እንዲህ ነው። «መገልበጥ ስርቆት ነው» የሚለው ሐሳብ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነው፤ ከሲዲ ማቃጠያው ጋር በአንድ ዘመን ደጃችን ደረሰ። ማቃጠያው ግን ቀድሞ ገባ። ድሮ ገልባጩ ስድስት ወር ያጎነብስ ነበር፤ አሁን ስድስት ደቂቃ። ምርቃቱ የተሰጠው ለድካሙ ነበር። ድካሙ ሲቀር ምርቃቱን ይዞ ቀረ፤ የኛ ጣጣ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

ምክንያቱም ማቃጠያ ዘር አይለይም። ከሰኞ እስከ ረቡዕ የጃፓን ጨዋታ ያባዛ የነበረው ኮምፒዩተር ሐሙስ ዕለት የአማርኛ አልበም ያባዛል። ኋላ ላይ ሲዲው ሲቀር «ሙዚቃ እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ በየበሩ መጣ፤ ፍላሽህን ወይም ሚሞሪህን ሰጥተህ አንድ ሙሉ የሕይወት ዘመን ሥራ በጥቂት ብር ትቀበላለህ። ሶኒ ከዚህ ምን አጣ? ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን በዓለም ላይ ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ፣ ማምረቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የእኛ ዘፋኝ ግን ገበያው ይህችው ከተማ ናት። ለአልበሙ የተበደረው ገንዘብ መመለሻው የመገናኛና የመርካቶ ሱቅ ብቻ ነው። የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞችን የሠሩ ሰዎችም እንዲሁ። ከተማው ሙሉ፣ የጽሕፈት ቤቱም የማተሚያ ቤቱም፣ በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ ሲጽፍ ኖረ፤ ስንቱ ከፍሎበት እንደሆነ የሰፈሩን ጸሐፊ ብትጠይቁት ይስቅባችኋል።

እዚህ ላይ «ድህነት ነው» የሚለውን ክርክር አልቀበለውም። ድህነት የ50 ዶላሩን ዲስክ ይገልጽልኛል። የ15 ብሩን ካሴት አይገልጽልኝም። ቢራውን በሁለት እጥፍ የሚከፍል ሰው ለዘፈኑ ሳንቲም ሲያጣ ያ ሌላ በሽታ ነው። በ2007 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 872 የቀደመውን አሻሽሎ የሮያሊቲ ክፍያንና የጋራ አስተዳደር ማኅበራትን አመጣ። ወረቀቱ ጥሩ ነው። ከሚኒባሱ ራዲዮ እስከ ዘፋኙ ኪስ ያለው መንገድ ግን ከመገናኛ ጣፎ ያለውን መጨናነቅ ያስንቃል።

«ሌብነት ነው» የሚለውንም ቢሆን እንደወረደ አልውጠውም። ቁልፉ የሚጠብቀው ደራሲውን ነው የሚለውን እስቲ እንመርምር። አውስትራሊያ ውስጥ ስቲቨንስ የሚባል ሰው ቺፕ ሲሸጥና ሲበይድ ሶኒ ከሰሰው። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2005 ስቲቨንስ አሸነፈ። የዳኞቹ ንባብ ደስ ይላል፤ የሥነ ጽሑፍ መምህር ልብ ያለው ንባብ ነው። ይህ ቁልፍ መገልበጥን አይከለክልም አሉ፤ ማንም ሰው ዲስኩን መገልበጥ ይችላል፤ ቁልፉ የሚከለክለው የተገለበጠውን መጫወት ነው። በሕጉ ቃል ደግሞ መጫወት ቅጂ ማድረግ አይደለም። አውስትራሊያ በዓመቱ ሕጓን ለወጠች፤ ያ ሌላ ነገር ነው። ጥያቄው ግን ቀርቷል፤ በገዛሁት ማሽን ምን እንደማደርግ የሚወስነው ማን ነው?

ሶኒ ራሱ መልሱን ሰጥቶናል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሦስተኛውን ፕሌይስቴሽን ሲያወጣ «ሊነክስም ይጫንበታል» ብሎ ነበር። የአሜሪካ አየር ኃይል ሳይቀር ከአንድ ሺሕ በላይ ገዝቶ እንደ አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር አያይዞ ተጠቀመበት። በኤፕሪል 1 ቀን 2010 ሶኒ በአንድ ማሻሻያ ያንን ችሎታ ከማሽኖቹ ላይ ነሳ። የተሸጠ ዕቃ ላይ! የሸጥኩልህን ሶፋ አንዱን ትራስ ሌሊት ገብቼ ወሰድኩ እንደማለት ነው። በዚያው ዓመት በኦገስት ደግሞ አንዲት መሰኪያ ገበያ ላይ ዋለች። ስትሰካ፣ ብዙ ዕቃ እየተሰካና እየተነቀለ ያለ እያስመሰለች ማሽኑን ታደናግረውና በሩን ታስከፍተዋለች።

ፈረንጆቹ እንዲህ ያለችውን መሰኪያ ዶንግል ይሏታል። ታሪኳ ገለባባጭ ነው። ዶንግል መጀመሪያ የተሠራችው ለመጠበቅ ነበር። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕንፃና የመንገድ ንድፍ መሥሪያን የመሳሰሉ ውድ ፕሮግራሞች ከአንዲት የጣት ቁራጭ ከምታክል መሰኪያ ጋር ይሸጡ ነበር፤ እሷ ከኮምፒዩተሩ ኋላ ካልተሰካች ፕሮግራሙ አይከፈትም። ቁልፍ ሆና የተወለደችው ዕቃ በ2010 መፍቻ ሆና ብቅ አለች። መገናኛ ያሉ ሞባይል ጠጋኞች ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሦስተኛውን ገጽታዋን ታያላችሁ። የተቆለፈ ስልክ የሚከፍቱባቸው «ቦክስ» የሚሏቸው መሣሪያዎች ራሳቸው በካርድና በዶንግል የተቆለፉ ናቸው። ቁልፍ ሰባሪው ቁልፉን እንዳይሰብሩበት ይቆልፋል!

ይህ ቀልድ አይደለም፤ የነገሩ እምብርት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ቲም ኤክስኪዩተር የተባለው ቡድን ለኔንቲዶ ስዊች የሚሆን መፍቻ ሲሸጥ፣ የራሱን ፕሮግራም የሚመረምር ሰው ከመጣ ማሽኑን የሚቆልፍ ወጥመድ ውስጡ ቀብሮ ተገኘ። ከቡድኑ ሰዎች አንዱ፣ ጋሪ ባውዘር፣ በ2022 አሜሪካ ውስጥ 40 ወር ተፈረደበት፤ ለኔንቲዶም በወንጀሉና በፍትሐ ብሔሩ በጠቅላላው 14.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ሆነ። እኛ ሰፈር ያለው በያጅ ይህን ሁሉ አልሰማም። ግን አንድ ቀን ቺፗን ከመበየዱ በፊት ጀርባዋን በአሸዋ ወረቀት ሲፍቅ ደረስኩበት።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ቁጥሯን እያጠፋሁ ነው ጋሼ።»

«ለምን?»

«ሌላው ጠጋኝ ከፍቶ አይቶ እንዳይሠራት ነዋ! እኔ ስንት ሌሊት ለፍቼባታለሁ።»

ስንት ሌሊት ለፍቼባታለሁ። የደራሲ መብትን በዚህ አጭር ቃል የተናገረ የሕግ መምህር ሰምቼ አላውቅም። ልጁ የድካም ዋጋ ምን እንደሆነ ያውቃል። ያላወቀው የሌላው ሰው ሌሊት እንደሱ ሌሊት ረጅም መሆኑን ነው። ከዚህ አልፎ ደግሞ ግዝቱ ውስጥ ያለችውን ቃል፣ «የፋቀ» የምትለዋን፣ ራሱ በአሸዋ ወረቀት ፈጸማት።

ዛሬ ማስታወቂያዋ ከግድግዳው ወርዳለች። አሁን በቴሌግራም ነው፤ «ጄልብሬክ የተደረገ ፒኤስ 4፣ ጌም የተሞላ»። ዲስኩ እየቀረ ነው፤ ጨዋታው በኔትወርክ ይወርዳል፤ ቁልፉም ከዲስኩ ወጥቶ ሩቅ አገር ያለ መዝገብ ላይ ተቀምጧል። አራተኛዋ ፊደልም አብራ ሄዳለች። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ ሶኒ ሄልዳይቨርስ 2 የተባለውን ጨዋታ በኮምፒዩተር ለሚጫወቱ ሁሉ የእሱን ኔትወርክ አካውንት ግድ አደርጋለሁ አለ። ኔትወርኩ በሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮች ጨዋታው ከሽያጭ ወረደ። በዚያ ወቅት ከአፍሪካ ኔትወርኩ ያላት ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነበረች። ተጫዋቹ ዓለም ሲንጫጫ ሶኒ በቀናት ውስጥ ግዴታውን አነሳ። የእኛ ሰፈር ልጅ ግን አልተንጫጫም፤ አካውንቱን ከጥንት ጀምሮ የሚከፍተው «ካሊፎርኒያ ነው የምኖረው» ብሎ ነው። እንጦጦ ሥር ተቀምጦ።

እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ሌላ ወገን ነው። አሁን እዚህ ከተማ ጨዋታ የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። ቅኔ ጌምስ የሚባሉት ገበጣን ወደ ስልክ አምጥተዋል፤ ከአሳዳጇ የምትሸሽ ዶሮ ያለችበትን «ኩኩሉ»ንም ሠርተዋል። ስም ከማውጣት ይጀመራል ካልን ስማቸውን ወድጄዋለሁ። በየኮሌጁም በየቤቱም ብቻቸውን የሚሞክሩ አሉ። እነዚህ ልጆች ያደጉት በዚያ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው፤ ቺፕ በተደረገ ማሽን ላይ ነው ጨዋታ ምን እንደሆነ ያወቁት። ያ ባይሆን ኖሮ ከየት ያዩት ነበር? አሁን ተራው የእነሱ ሆነ። አዋጁ ይጠብቃቸዋል፤ ኢትዮጵያውያን ናቸውና አንቀጽ ሦስት ከነሙሉ ክብሩ ለእነሱ ነው። ገዢው ግን በፍላሽ አስጭኖ የለመደ ገዢ ነው፤ ከስልክ ሱቅ በዶላር ካርድ መግዛት ደግሞ ለአብዛኛው ሰው የማይታሰብ ነው።

ባለፈው ኮተቤ አንዱ፣ የቀድሞ ተማሪዬ ልጅ ነው፣ የሠራውን ጨዋታ በስልኩ አሳየኝ። አህያ እየነዱ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭነት የሚያወርዱበት ነው፤ ጅቡ ሲመጣ ድንጋይ ይወረወራል፤ ጭነቱ ከተዛነፈ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። ሥዕሉ ጥሩ ነው። ታሪኩ ላይ አስተያየት ሰጠሁት፤ አህያዋ ስም የላትም፤ የገበሬ አህያ ደግሞ አለስም አትውልም አልኩት። ጻፈው። ከዚያ የሆዴን ጠየቅኩት።

«እንዳይገለብጡብህ ምን አድርገሃል?»

«ምንም።»

«ለምን? አስተማማኝ ቁልፍ የለም እንዴ?»

«አይ ጋሼ፣ አለ። ግን ማን ይገለብጠኛል ብለው ነው? ቢገለብጡኝ እኮ ደስ ባለኝ። አርባ ሰው ነው ያወረደው፤ ግማሹ የአክስቴ ልጆች ናቸው።»

ስልኩን መለስኩለት። ጅቡ በልቶኝ ነበር፤ ገና ከሁለተኛው ደረጃ አላለፍኩም።